የቴዩኒስ የመጨረሻ ገመድ

ቴዩኒስ ኦስተርሆፍን ያገኘነው በኅዳር ወር፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በሮተርዳም ወደብ የማዕድን ማራገፊያ ዳር ነው። መርከብ ከሚታሰርበት የብረት ጉቶ ሦስት እርምጃ ርቆ በጀርባው ተንጋሏል። ዝናብ ይዘንባል። ቢጫ ካፖርቱ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፣ ጓንቱ እጁ ላይ ነው፣ ከግራ ጆሮው በላይ ያለው አጥንት ወደ ውስጥ ገብቷል። ልጁ ያኒኬ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ እርጥቡ ኮንክሪት ላይ ተቀምጣለች። የአምቡላንሱ ሰው ሁለት ጊዜ "ልቀቂው" አላት። ሁለቱንም ጊዜ አልሰማችውም።

"ስንት ሰዓት ላይ አገኘሽው?" አልኳት ጎንበስ ብዬ።

"አራት ሰዓት ሊሆን ሲል።"

"ከዚያ በፊት የት ነበርሽ?"

"ከኋላ። የመርከቡን የኋላ ገመዶች እያሰርኩ። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምንሠራው።" ቀና ብላ አላየችኝም። "ስመጣ ወድቆ ነበር።"

ኢንስፔክተር ሃርተፌልት እባላለሁ። በወደቡ ፖሊስ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህ ሲሆን ካሜራ በየምሰሶው አልተተከለም፣ ሞባይል የሚባል ነገርም አልነበረም። ቴዩኒስን ፖሊስ ከመሆኔ በፊት ጀምሮ አውቀው ነበር፤ እሱን የማያውቅ የወደብ ሰው አልነበረም። መርከብ አሳሪ ነበር። ከብራዚል ማዕድን፣ ከካናዳ ስንዴ የጫነ መርከብ ውቅያኖሱን ሁሉ አቋርጦ ቢመጣም፣ ታች ያሉት ሁለት ሰዎች ገመዱን ተቀብለው ጉቶው ላይ እስኪያጠልቁለት ድረስ ገና አልደረሰም። ቴዩኒስ ይህን ሥራ አርባ አንድ ዓመት ሠራ። ከአሳሪዎቹ ግማሽ ያህሉን ያስተማረው እሱ ነው። ያን ጠዋት የደነገጥኩት እንደ ፖሊስ ሳይሆን እንደ ጎረቤት ነበር፤ ይህም ለሥራዬ አልበጀም።

ሳጅን ፌና ጉቶውን እየዞረች ታያለች። ከዩትሬክት ተዛውራ ከመጣች አራት ወሯ ነው። ስለ ወደብ የማታውቀውን ስትጠይቅ አታፍርም፤ በዚህ እወዳታለሁ።

"አለቃ፣ ገመድ ተበጥሶ መትቶት ይሆን?"

"የተበጠሰ ገመድ ይታይሻል?"

አይታይም። ጉቶው ላይ ሁለት ገመዶች አሉ። አንዱ ከትናንት ጀምሮ ማዕድን የሚያራግፈው የ"አልበርቲና" ነው፤ ሌላው ያን ጠዋት መጥቶ ከኋላው የቆመው የ"ሰልማ"። ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ሁለቱም ተወጥረዋል።

"ይሄኛው ለምንድነው በዚያኛው ቀለበት ውስጥ የገባው?"

"ወጉ ነው። ሁለት መርከቦች አንድ ጉቶ ሲጋሩ፣ የኋለኛው ገመድ ቀለበት በፊተኛው ቀለበት ውስጥ ከታች ወደ ላይ አልፎ ነው የሚጠልቀው። እንዲያ ሲሆን ማንኛቸውም ቀድመው መሄድ ይችላሉ። ዝም ብለሽ ከላይ ጣል ካደረግሽው ግን የታችኛው ይታፈናል፣ የላይኛውም እስከ ታች አይገባም። መርከቡ ሲስበው ሊፈናጠር ይችላል። አንድ ሳምንት የሠራ ሰው እንኳ አይስተውም።"

"ስለዚህ ይሄ ልክ ነው?"

"ልክ ነው። የቴዩኒስ እጅ ነው።"

ይህን በሙሉ ልቤ ነው ያልኩት። ገመዱ ልክ ከታሰረ ደግሞ ሰውየውን የመታው ገመድ አይደለም። ገመድ ካልሆነ ሰው ነው።

*

የመርከብ አሳሪዎቹ አዳራሽ ወንዙ ዳር ነው። ከሰዓት በኋላ ስገባ አርባ የሚሆኑ ሰዎች የአተር ሾርባቸውን ፊታቸው አድርገው፣ ሳይነኩት ተቀምጠዋል። ባስቲያን ሙሌናር ተነሥቶ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ስድሳ ዓመቱ ነው፤ ከቴዩኒስ ቀጥሎ አንጋፋው እሱ ነው።

"እህ፣ ኢንስፔክተር፣ ልትጠይቀኝ ነው የመጣኸው ወይስ ልታስረኝ?"

"እንደ መልስህ ነው። የቴዩኒስ ቦታ አሁን ለማን ይሆናል?"

"ለእኔ። አንተም ታውቃለህ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ያውቃል። በል እንግዲህ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበርክ በለኝ።"

"የት ነበርክ?"

"ነዳጅ ማራገፊያው ላይ የኖርዌይ መርከብ ገመድ ስቀበል። መርከቡን ወደ ወደብ የሚያስገባው ፓይለት ከላይ ሆኖ ሲሰድበኝ ነበር። ጠይቀው፣ አንድም ስድብ አልረሳም።"

ፓይለቱን ጠየቅሁት፤ እውነትም አልረሳም። ቢሆንም ከባስቲያን መኪና ውስጥ ጫፉ ላይ ደም የደረቀበት የጀልባ መንጠቆ ስላገኘን ፌና ይዛው ወደ ላቦራቶሪ ሮጠች። ደሙ የዓሣ ሆኖ ተገኘ፤ ሰውየው እሁድ እሁድ ያጠምዳል። ላቦራቶሪው ያሉት ሰዎች ሳምንቱን ሙሉ ሲስቁብን ከረሙ።

"ቴዩኒስን የሚጠላው ሰው ነበር?" አልኩት ባስቲያንን።

"ሽማግሌውን? ማን ይጠላዋል!" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ከልጁ ጋር ግን ተጣልተው ነበር" አለኝ።

"መቼ?"

"በመጋቢት። እዚሁ፣ ሰው ሁሉ ፊት። 'ከዚህ ሥራ ውጣ፣ አለዚያ ሬሳህ ነው የሚወጣው' አለችው። አርባ ሰው ሰምቷል።"

"ምን አጣላቸው?"

ባስቲያን ጠረጴዛው ላይ ያለውን የዳቦ ፍርፋሪ በመዳፉ ጠረገ። "እኔ ምን አውቄ። የአባትና የልጅ ነገር ነው።"

መዋሸቱ ገባኝ። ለምን እንደሚዋሽ ግን አልገባኝም፤ ለባልንጀራው ልጅ አዝኖ ነው ብዬ አለፍኩት። ከሠራኋቸው ስህተቶች ሁሉ እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

"ቅዳሜ ቀብሩ ነው" አለኝ እየሸኘኝ። "እኛ ሬሳ በመኪና አንወስድም፤ በቀዘፋ ጀልባ ነው ወንዙን የምናሻግረው። የፊተኛውን መቅዘፊያ የሚይዘው ደግሞ የሟች ልጅ ነው። እሱ ከእሷ በቀር ልጅ የለውም። እሷ መሆኗን ወይ አለመሆኗን እስከ ዓርብ ቁርጡን ንገረን። እሷ ከሆነች ከእሷ ጋር ጀልባ የሚገባ ሰው የለም።"

*

ረቡዕ ጠዋት ዶክተር ኩኒንግ ከአስከሬን ምርመራ ክፍል ደወለችልኝ።

"የመታው ነገር ሰፊና ከባድ ነው። መዶሻ አይደለም፣ የብረት ዘንግም አይደለም፤ ብረት ቆዳውን እንዲህ አይተወውም ነበር። ቁስሉ ውስጥ አረንጓዴ የናይለን ክር አለ።"

"ሥራው እኮ ገመድ ነው። ኪሱን ብትፈትሺ፣ ፀጉሩን ብታበጥሪ፣ ያው ክር ነው።"

"እሱን አንተ ታውቃለህ። ሌላም ነገር አለ። ወዲያው አልሞተም። ሩብ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበር።"

"ሰው ቶሎ ቢጠራለት ይተርፍ ነበር?"

"ምናልባት። እንዲህ ያለው አንዳንዱ ይተርፋል፣ አንዳንዱ አይተርፍም። ቤተሰብ ከጠየቀህ ግን አትመልስ።"

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ያኒኬን ቢሮዬ አስጠራኋት። ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው። ከአባቷ ጋር መሥራት የጀመረችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ያኔ ሴት መርከብ ስታስር አይተን አናውቅም ነበርና ወደቡ ሁሉ ስቆባታል። ቴዩኒስ ግን የሳቀውን ሁሉ በየተራ እየጠራ ከእሷ ጋር ገመድ አስጎትቶ ነበር ዝም ያሰኘው። አሁን ፊቴ ስትቀመጥ ሁለቱም መዳፎቿ ተልጠው ቀልተዋል።

"እጅሽ ምን ሆነ?"

"ሥራ ነው።"

"የኋላ ገመዶችሽን ሦስት ሰዓት ከሠላሳ ስድስት ላይ ጨርሰሻል። የመርከቡ ሰዎች ናቸው ያሉት። ከዚያ እስከ አባትሽ በመኪና ሁለት ደቂቃ ነው። በሬዲዮ እርዳታ የጠራሽው ግን ለአራት ሰዓት ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። መሃል ያለውን ጊዜ የት አደረስሽው?"

"ቆሜ ነበር።"

"ዝናብ እየመታሽ?"

"አዎ።"

"በመጋቢት 'ሬሳህ ነው የሚወጣው' ብለሽዋል?"

"ብዬዋለሁ።"

"ለምን?"

"እንዲተወው ስለፈለግሁ። ሥራውን።"

"ቦታውን ልትወስጂ?"

ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልመጣም። "እንደዚያ ብለው ይጻፉት" አለች።

"ያኒኬ፣ ዐቃቤ ሕጉ ዓርብ ክስ ሊመሠርት ነው። ቅዳሜ አባትሽን ባዕድ ነው የሚቀዝፈው። ገብቶሻል?"

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። በተላጠው መዳፏ ጠረገችውና፣ "ገብቶኛል። የምፈርመው ካለ ያምጡት" አለችኝ።

ብዙ ውሸታም መርምሬአለሁ። ሁሉም የሚዋሸው ለመትረፍ ነው። ይቺ ግን ለመጥፋት ነበር የምትዋሸው። አንጀቴን በላችው፤ ግን አንጀት መዝገብ ላይ አይጻፍም።

*

"አለቃ፣ እርስዎ ስላወቋት ነው የጨነቀዎት" አለች ፌና በመንገዳችን ላይ። "ዛቻ አለ፣ የጠፋ ሰዓት አለ፣ የተላጠ እጅ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ትናንት አስረን ነበር።"

"የመታችው በምንድነው?"

"እሱንማ እንፈልጋለን።"

የመጣነው የቴዩኒስን ሎከር ልንፈትሽ ነው። አዳራሹ ጀርባ ባለው ክፍል ነው ያለው። ብዙ ነገር አልነበረውም፤ ደረቅ ካልሲ፣ ቴርሞስ፣ የሞተችው ሚስቱ ፎቶግራፍ፣ ትርፍ ካፖርት። ፌና የካፖርቱን የውስጥ ኪስ ፈትሻ በላስቲክ የተሸፈነ ካርድ አወጣች። በትልልቅ ፊደል ተጽፏል።

"መጀመሪያ ጉቶውን እይ። ሌላ ገመድ ካለ ከታች አሳልፍ። እስከ መጨረሻው ግፋው። ሃያ እርምጃ ራቅ። ከራቅህ በኋላ እጅህን አንሳ።"

ጽሕፈቱን አወቅሁት። ያኒኬ ቃሏን በእጇ ጽፋ የፈረመችበት ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አስተያየሁት፣ የእሷው ነው።

"ለተለማማጅ የጻፈችው ይሆናል" አለች ፌና።

"ዘንድሮ ተለማማጅ አልያዙም። ደግሞስ በአባቷ ኪስ ምን ይሠራል?"

ፌና ካርዱን አገላበጠችው። ፊቷ ተለወጠ። "አያቴ ቤት፣ ከምድጃው በላይ እንዲህ ያለ ወረቀት ተለጥፎ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "በእናቴ ጽሕፈት። 'ጋዙን ዝጊ። ቁልፉ ኮትሽ ኪስ ውስጥ ነው።' አያቴ መርሳት የጀመረች ጊዜ።"

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። አርባ አንድ ዓመት ዓይኑን ጨፍኖ የሠራውን ሥራ ልጁ በካርድ ጽፋ ሰጥታዋለች። እኔ ደግሞ ገመዱን አይቼ "የቴዩኒስ እጅ ነው" ብዬ ነበር። ጉቶው ላይ ያለውን ትክክለኛ አስተሳሰር አይቼ ከዚያ ወዲያ አንድም ጥያቄ አልጠየቅሁም።

*

"ሰልማ" ሐሙስ ቀትር ላይ ሊሄድ ነበር። ከዚያ ሁለት ሰዓት ቀደም ብለን ወጣንበት። የመርከበኞቹ አለቃ ዊልፍሬዶ ማግባኑዋ የሚባል የፊሊፒንስ ሰው ነው፤ ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ሳቂታ። የመጣንበትን ሳይጠይቅ ሩዝና ደረቅ ዓሣ አቀረበልን።

"ብሉ፣ ብሉ። እዚህ አገር ሰው ቆሞ ዳቦ ይገምጣል፤ ይሄ መብላት ነው?"

"ማክሰኞ የፊት ገመዱን ሲስቡ የገመድ መሳቢያውን ማሽን፣ ዊንቹን፣ የያዘው ማነው?" አልኩት።

"እኔ።"

"ሁሉንም ከመጀመሪያው ንገረኝ።"

"ታች ያለው ሽማግሌ ቀለበቱን አጠለቀና እጁን አነሣ። ሳብኩ። ገመዱ ተወጠረ፣ ከዚያ ድንገት ቀለለኝ። ወደ ታች ባይ የመርከቡ አፍንጫ ስለሚጋርድ ጉቶው አይታየኝም። ገመዱ ውሃ ውስጥ ወድቋል። አውልቆ ወደ ሌላ ጉቶ ሊያዛውረው ነው ብዬ ጠበቅሁ። ያደርጉታል እኮ።"

"ከዚያስ ሽማግሌው መልሶ አሰረው?"

"ሽማግሌው አይደለም፤ ሴት ናት። ጠርዙ ድረስ ወጥታ 'አላላ፣ አላላ' እያለች በእጇ አሳየችኝ። ብቻዋን ነው ከውሃ የጎተተችው። እርጥብ ገመድ ሦስት ሰው ይፈልጋል። ሁለት ጊዜ አምልጧት ተመልሶ ገባ። 'እርዳታ ልላክልሽ?' ብዬ ብጮህ እጇን አወናጨፈችብኝ። በመጨረሻ አሰረችው።"

"እስከዛሬ ለምን ዝም አልክ?"

"ማን ጠየቀኝ?" አለ ቅር ብሎት። "መኮንኑ መዝገቡ ላይ አንዴ ታሰረ ብሎ ጻፈ። ሁለቴ ብሎ ቢጽፍ ማብራሪያ ይጠይቁታል። እኔ ግን የራሴ ማስታወሻ አለኝ።" ከደረት ኪሱ የተጨማደደች ደብተር አውጥቶ አሳየኝ። ገመዱ የቀለለው ሦስት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ላይ ነው። እንደገና የታሰረው ለአራት ሰዓት አምስት ጉዳይ።

ፌና በጣቷ ቆጠረች። "አሥራ ሰባት ደቂቃ" አለች።

ዊልፍሬዶ አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየ። "ሽማግሌውን ምን አገኘው?" አለ። ማንም አልነገረውም ነበር። ስነግረው ቆቡን አውልቆ ቀኝ እጁን፣ ዊንቹን የያዘበትን፣ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ረጅም ጊዜ አየው። አንተ ጥፋት የለብህም አልኩት። መስማቱን እንጃ።

*

ያኒኬ ፊት ካርዱን አስቀመጥኩት።

"ቀለበቱን ከላይ ነው የጣለው" አልኳት። "ጥሎትም አልራቀም። መርከቡ ሲስበው ተፈናጥሮ መታው። አንቺ ገመዱን ከውሃ ጎትተሽ፣ በልኩ አስረሽ፣ ከዚያ ነው ሬዲዮውን ያነሣሽው። ሰው እንዳያውቅበት።"

ካርዱን በመዳፏ ሸፈነችው።

"ከጻፉት ሰው ሁሉ ያነበዋል" አለች። "ግማሹን ወደብ ያስተማረ ሰው እንደ ጀማሪ ሞተ ይባላል። ስለ እሱ ሌላ ነገር አይወራም ከዚህ ወዲያ። ይተዉት፣ ኢንስፔክተር። እኔ ዕድሜ አለኝ፣ ታስሬ እወጣለሁ።"

"ስትደርሺ በሕይወት ነበር?"

ጥያቄው ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የጸጸተኝ። መልሱን አውቀው ነበር እኮ።

"ስደርስ ገመዱ ገና ይወዛወዝ ነበር" አለች። "አባዬ ዓይኑ ክፍት ነው። ሬዲዮውን ሳወጣ እጄን ያዘኝ። 'መጀመሪያ ገመዱን' አለኝ። አምቡላንስ ልጥራ አልኩት። 'ገመዱን፣ ያኒኬ! ሳያዩት!' ብሎ ተቆጣኝ። የገባው ያን ጊዜ ነው፤ ምን እንዳደረገ ገባው። ፊቱ ላይ አየሁት።" "አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እሱ ሲያዝ እኔ ስሠራ ነው የኖርነው። ገመድ ላይ እያለን 'ቆይ' ብዬው አላውቅም። ሁለት ደቂቃ መስሎኝ ነበር። ውሃ ውስጥ መውደቁን አላየሁም።"

"ከዚያስ?"

"ጨርሼ ስመለስ ፊቱን ወደ ጉቶው አዙሮ ነበር። እያየኝ ነው የሞተው።"

ፌና ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች።

"እያወቅሽ ለምን ሥራ ላይ ተውሽው?" አልኳት።

"በመጋቢት ሁለት ጊዜ ሲሳሳት አይቼ ነው የጮህኩበት። እንቢ አለኝ። ካርዱን ጻፍኩለት። በሰኔና በሐምሌም ጥሩ አልነበረም፤ ልሄድና ለአለቆቹ ልናገር ነበር። ከመስከረም ወዲህ ግን ተሻለው።"

"መርሳት ይሻላል እንዴ?"

"ለእሱ ተሻለው" አለች፣ እንደ ልጅ እልህ ይዟት። ከዚያ የፈራሁትን ጠየቀችኝ። "ወዲያው ጠርቼ ቢሆን ይተርፍ ነበር?"

ለሟች ቤተሰብ ዋሽቼ አላውቅም ነበር። "አይተርፍም ነበር" አልኳት። ዓይኔን አይታ ራሷን ነቀነቀች። እንዳላመነችኝ ሁለታችንም አወቅን።

*

ዓርብ ሪፖርቱን ጻፍኩ፤ እውነቱን። ሌላ ምን ላደርግ እችላለሁ? እሷን ነፃ የሚያወጣት እሱ ብቻ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ተወው። ከሰዓት በኋላ ለአሳሪዎቹ ልነግራቸው ወደ አዳራሹ ስሄድ ያኒኬ እኔም እመጣለሁ አለች። "ስለ አባዬ የሚሉትን ከኋላዬ ሳይሆን ፊት ለፊቴ ይበሉት" አለችኝ። በሩ አጠገብ ቆመች፤ ማንም ወንበር አላቀረበላትም።

ሁሉንም ነገርኳቸው። መርሳቱን፣ ካርዱን፣ ከላይ የተጣለውን ቀለበት። ስጨርስ የሚስቅ ወይም የሚያጉረመርም ሰው ጠበቅሁ። ከዚያ ባስቲያን ተነሣ።

"እናውቅ ነበር" አለ።

"ምኑን?"

"መርሳቱን። እኔ በነሐሴ ነው ያየሁት፤ ቀለበቱን ይዞ ጉቶው ፊት ቆሞ ምን እንደሚያደርገው ሲጠፋው።"

"እኔ በመስከረም" አለ ከኋላ አንድ ሰው። "እኔም" አለ ሌላው። አንድ በአንድ እጅ ተነሣ፤ ግማሹ አዳራሽ።

ወደ ባስቲያን ዞርኩ። "ማክሰኞ ስጠይቅህ 'የአባትና የልጅ ነገር' አልከኝ! ልጅቷ በነፍስ ግድያ ልትከሰስ ነበር እኮ!"

"ምን ብዬ ልንገርህ?" አለ ባስቲያን። "ገመድ መያዝ ያስተማረኝን ሰው፣ ገና ሬሳው ሳይቀዘቅዝ፣ ሥራው ጠፍቶት ነበር ብዬ ለፖሊስ ልናገር? ልጁም ማወቋን አላወቅሁም። ቦታውን ፈልጋ ነው የጮኸችበት ብለን ነበር ሁላችንም።"

"ስለዚህ እሷን ሰጠኸኝ።"

ባስቲያን ወደ ያኒኬ ዞረና፣ ሊያጽናናት ፈልጎ ይመስለኛል፣ ድምፁን አለሰለሰ። "የኔ ልጅ፣ ስሙ በእኛ ዘንድ አልጎደፈም። እሱ አስሮ ሲሄድ ከኋላው ሄጄ አስተካክል ነበር። ሌሎቹም ለየብቻቸው እንደዚያው ሲያደርጉ እንደነበር ትናንት ነው ያወቅነው። ከሰው ሁሉ ደብቀን ነው ያቆየንለት።"

"ከመቼ ጀምሮ?" አለች ያኒኬ።

"ምኑ?"

"ገመዱን ማስተካከሉ።"

"ከመስከረም ጀምሮ። በየቀኑ ማለት ይቻላል።"

ያኒኬ እጇን ወደ ኋላ ልካ ግድግዳውን ያዘች።

"እኔም ከኋላው ሄጄ አየው ነበር" አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ግን ያልሰማ ሰው አልነበረም። "በየቀኑ። እሱ ካሰረ በኋላ ዞሬ አየዋለሁ። ልክ ሆኖ ሳገኘው 'አባዬ ተሽሎታል' እላለሁ። ሁልጊዜ ልክ ሆኖ ነበር የማገኘው። ለዚያ ነው ለአለቆቹ ያልተናገርኩት።"

ባስቲያን ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር። ያኒኬ በተላጠ እጇ ላይ ጨርቅ ጠምጥማ የፊተኛውን መቅዘፊያ ያዘች። ከኋላዋ ባስቲያንና ሌሎች ስድስት ሰዎች ተቀመጡ፤ በመሃላቸው ሳጥኑ ነበር። እኔና ፌና ከዳር ቆመን አየናቸው። ሰባቱም ወንዙን እስኪሻገሩ ድረስ ጉልበታቸውን እያዩ ነበር የቀዘፉት።